የእማዬን ቃጠሎ በብር ቅባት ስንከባከብ

እማዬ ክንዷ ላይ የፈላ ውሃ ሲደፋባት ወዲያው ቧንቧ ከፍቼ ከሥሩ አስያዝኳት። 20 ደቂቃ ያህል። ጎረቤቶች ቅቤና የጥርስ ሳሙና ይዘው መጡ፤ አመስግኜ መለስኳቸው። እጇ ሳያብጥ ቀለበቷን አወለቅሁ። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ።

ሲስተሯ ቁስሉን አጥባ፣ "እማማ፣ የሰልፋ መድኃኒት አስቸግሮዎት ያውቃል?" አለቻት። እማዬ "ኧረ አያውቅም" ስትል ነጭ ቅባት ታዘዘልን፦ 1 በመቶ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን። ጥያቄው ወሳኝ ነው፤ ቅባቱ ውስጥ ብርም (ጌጥ የሚሠራበት ማዕድን) ሰልፋም (ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት) አለ። ሁለቱን አዋህዶ በ1968 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቻርልስ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት ቃጠሎ 0.5 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት በተነከረ ፋሻ ይሸፈን ነበር። ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ግን የነካውን ሁሉ ያጠቁራል፣ የሰውነትንም ጨው ይቀንሳል። ቅባቱ ብሩን በትንሽ በትንሹ ነው የሚለቀው። ብሩ የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል፣ ፕሮቲኖቹም ላይ ተጣብቆ ሥራ ያስፈታቸዋል።

ቤት ስንገባ ዋናው ሥራ ማጠብ ሆነ። መቀባቱማ ቀላል ነው። በየቀኑ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ፋሻውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እያራስኩ ቀስ ብዬ እፈታለሁ። የትናንቱ ቅባት ሙልጭ ብሎ ሳይለቅ አዲስ አይደረብበትም። ከቀናት በኋላ ቁስሉን ቢጫ፣ ወፈር ያለ ነገር ሸፈነው። እማዬ "መግል ያዘ!" ብላ ደነገጠች። ሲስተሯ አይታ፣ ቅባቱ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው ሽፋን ነው አለችን። ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት ቢኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓይን ለመለየት ስለሚያስቸግር እባካችሁ ራሳችሁ አትፍረዱ፤ አሳዩ።

ሮዝ የሆነ አዲስ ቆዳ ብቅ ሲል ሲስተሯ ቅባቱን አስቆመችን። ብር ለአዲሱ ቆዳ ሴሎችም ይከብዳል፤ ድኅነትን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ቅባቱ ስለተረፈ ብቻ አይቀጠልም። ከዚያ በኋላ በቫዝሊን ጎዝ ብቻ ሸፈንነው።

በመሐል አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ደውላ፣ ኮሎይዳል ሲልቨር የሚሉትን የሚጠጣ "የብር ውሃ" ልላክላችሁ አለች። አደራ እንዳትልኪ አልኳት። ለቁስል የሚቀባ ብርና የሚጠጣ ብር ለየቅል ናቸው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያለ ማዘዣ በመድኃኒትነት የሚሸጠውን ኮሎይዳል ሲልቨር ደህንነቱም ፈዋሽነቱም ተቀባይነት የለውም ያለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ለረጅም ጊዜ የሚጠጣው ሰው ቆዳው ወደ ግራጫና ሰማያዊ ሊለወጥ ይችላል፤ አንዴ ከተለወጠ ደግሞ አይመለስም።

የተረፈውን ቅባት አንዲት ጎረቤታችን ለአራስ ልጇ ጠይቃኝ ነበር። አልሰጠኋትም። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይቀባም፤ ሰልፋው የሕፃናትን ቢጫነት ሊያባብስ ይችላል። ልጁን አቅፈን አብረን ጤና ጣቢያ ወሰድነው።