ፋይሉ አለ፣ ዜማው የለም

ዜማዎቼን የሠራሁበትን ፕሮጀክት በሙዚቃ መሥሪያው ፕሮግራም ስከፍተው ትራኮቹ እንደ ድሮው ተደርድረዋል። ስማቸው አለ፣ ቀለማቸው አለ፣ ከበሮው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ሳይቀር ይታያል። ፕሌይ ሳደርገው ግን የወጣው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ቤዙ የለም። ቫዮሊኖቹ የሉም። ስክሪኑ መሃል ላይ «ፕለጊኑ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ፕለጊን ማለት በሙዚቃው ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የመሣሪያ ድምፅ የሚፈጥር ወይም ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ክው አልኩ። የ3 ዓመት ልፋት ነው፤ 11 ዜማ።

ያደረግኩት ነገር ቢኖር ኮምፒውተር መቀየር ነው። ከምጠቀምባቸው ፕለጊኖች አንዱ የሚሠራው ዶንግል ሲሰካ ነው፤ ፍላሽ የምትመስል፣ ላይሰንሱን የያዘች ትንሽ ዕቃ። አዲሱ ሲስተም እንዲያውቃት የሚያደርግ ፕሮግራም (ድራይቨር) የሠራላት የለም። ሌላኛው ደግሞ ሲጫን የአምራቹን ሰርቨር ይጠይቃል። አምራቹ ሥራ አቁሟል፣ ሰርቨሩም ተዘግቷል። ሲሪያል ቁጥሩ እጄ ላይ አለ፣ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ነው። ግን «አዎ፣ ገዝቷል» ብሎ የሚመሰክርልኝ ማሽን የለም። ይሄ ሁሉ ባይኖር እንኳ አይከፈቱም ነበር። ሁለቱም ባለ 32 ቢት የሚባሉት የድሮ ዓይነት ፕሮግራሞች ናቸው፤ ማክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከሚባለው ሲስተሙ ጀምሮ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም።

ፕሮጀክት ፋይል ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ውስጡ ያለው ትእዛዝ ነው፤ ይሄን ድምፅ ከዚህ ፎልደር አምጣ፣ እዚህ ሰከንድ ላይ አጫውት፣ በዚህ ፕለጊን አሳልፈው የሚል። በማይክ የቀዳሁት ድምፅ ዋቭ ሆኖ ተቀምጧል። ዋቭ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ፎርማት ነው፣ ዛሬም የትም ይከፈታል። በኪቦርድ የተጫወትኩት ግን ሚዲ ነው። የቱ ኖታ፣ መቼ፣ ምን ያህል ጠንከር ተደርጎ እንደተመታ ይመዘግባል እንጂ ድምፅ የለውም። ድምፁን ሁሌም እንደ አዲስ የሚፈጥረው ፕለጊኑ ነው። ለሳምንታት ያስተካከልኳቸው ቁልፎች ልክ እንኳ የተጻፈው እሱ ብቻ በሚያነበው መንገድ ነው።

ስለዚህ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ተመለስኩ። ከመክፈቴ በፊት ሀርድ ዲስኩን አውጥቼ ሙሉ በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት። ኢንተርኔትም አላገናኘሁትም፤ ራሱን አፕዴት ቢያደርግ ያለቀልኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ፕለጊኑ ግን ላይሰንሱ ችግር አለበት አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ ዶንግሏን ስጠረጥር ዋልኩ። ለካ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፤ ያቺ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ። ስላለቀች ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። መቆለፊያው ደግሞ ቀን ወደ ኋላ ሲሄድ ሰው ሊያጭበረብረው እንደሞከረ ነው የሚቆጥረው። ባትሪውን ቀየርኩ፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ተከፈተ። ቫዮሊኖቹን ስሰማ እንባዬ መጣ።

ዶንግሏ ግን ላልታለች። ጠረጴዛው ትንሽ ሲነካ አረንጓዴ መብራቷ ይጠፋና ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። በላስቲክ ከኮምፒውተሩ ጋር አሰርኳትና ትንፋሼን ይዤ ትራኮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ሁሉንም ከዜሮ ሰከንድ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ነው ያወጣኋቸው፤ እንዲያ ካልሆነ በኋላ ሌላ ፕሮግራም ላይ ሲገጣጠሙ ይዛነፋሉ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከነሪቨርቡ (ከነማሚቶው)፣ አንዴ ያለምንም ኤፌክት። ሚዲውን ለብቻ። ቴምፖውን (የዜማውን ፍጥነት) በተራ የጽሑፍ ፋይል። የፕለጊኖቹን ገጽታ ደግሞ ስክሪንሾት አነሳሁ።

7 ዜማ እንደጨረስኩ ዲስኩ ሞተ። ቅጂው ስላለኝ አልደነገጥኩም፤ ገጠምኩት፣ ኮምፒውተሩም ተነሳ። ያላሰብኩት ግን መጣ። ያ ሰርቨር የሚጠይቀው ፕለጊን ላይሰንሱን ያሰረው ከድሮው ዲስክ መለያ ቁጥር ጋር ኖሯል። አዲሱን ዲስክ ሲያይ እንደገና አስመዝግበኝ አለ። የሚመዘግበው ሰርቨር ደግሞ የለም። ቀሪዎቹ 4 ዜማዎች የተሠሩት በእሱ ነው። ከእነሱ መጀመር ነበረብኝ። ዶንግሏ ብትበላሽ ምናልባት ትጠገናለች፣ የተዘጋ ሰርቨር ግን ማንም አይጠግነውም።

ንዴቱ ስለ ጉዳዩ እንዳነብ አደረገኝ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ተበላሽቶ መተኪያ የጠፋለት ዶንግል የቆለፈውን ፕሮግራም መክፈት ከኮፒራይት ክልከላው ነጻ እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር። ችግሩ ያን ያህል ቆይቷል ማለት ነው። ክራክ፣ ማለትም መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ፣ ተጠቀም ያሉኝ ጓደኞች አሉ። ምን ቫይረስ ይዞ እንደሚመጣ ስለማላውቅ እፈራለሁ። ከዚያ በላይ ግን፣ ከፍሎ የገዛ ሰው የገዛ ሥራውን ለመስማት እንደ ሌባ መስኮት መስበር የለበትም። ድርጅት ሲዘጋ መቆለፊያውን ፈትቶ መሄድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን አንድ ዜማ ባለቀበት ቀን ትራኮቹን አውጥቼ ሁለት ቦታ ሳላስቀምጥ አልተኛም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ከ4ቱ አንዱን ድሮ ለጓደኛዬ በኤምፒ3 ልኬለት ስለነበር እሱ ተረፈ። ለሦስቱ ሚዲውን ሌላ መሣሪያ ላይ ጫንኩት። ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል። እኔ ግን የአንደኛው መግቢያ ላይ የነበረውን፣ እንደ ትንፋሽ ቀስ እያለ የሚነሳውን ድምፅ እስካሁን እየፈለግኩ ነው። ኖታዎቹ 4 ብቻ ናቸው። ማታ ማታ እከፍታቸውና አንዱን ቁልፍ ትንሽ አዙሬ እሰማለሁ።