ተጨማሪ የጤና ኢንሹራንስ ልገባ ብዬ ደረሰኝ ስለይ ያመሸሁበት

ጅማ መርካቶ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ እማዬ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ስኳርና ግፊት አለባት። የማህበረሰብ ጤና መድህን አለን፣ በየዓመቱ እናሳድሳለን (አንድ ዓመት ረስቼ እሷ ስትታመም ሁሉንም ከኪሴ ከፍያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል)።

አምና አንድ የኢንሹራንስ ኤጀንት ሱቅ ድረስ መጥቶ ከጎረቤት ሱቆች ጋር በቡድን ሆናችሁ ተጨማሪ የህክምና ኢንሹራንስ ግቡ፣ በግል ሆስፒታል ያለ ወረፋ ትታከማላችሁ አለኝ፣ እኔ ደግሞ እማዬ ወረፋ ላይ ስትደክም እያየሁ አንጀቴ ስለሚላወስ እዛው ልፈርም ምንም አልቀረኝም። እሷ ናት ያስቆመችኝ፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ ብራችን ምኑ ላይ እንዳለቀ እይ" ብላ።

ማታ በፌስታል ያጠራቀምኩትን የዓመቱን ደረሰኝ በሙሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ ለየሁት። ትልቁ ክምር "መድሃኒቱ የለም፣ ከውጪ ግዙ" ተብለን ከግል ፋርማሲ የገዛነው ነው፣ የስኳሯ መድሃኒት በየወሩ። ቀጥሎ ከጤና ጣቢያ ሪፈር (ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት) ሳናስፅፍ ቀጥታ ሆስፒታል የሄድንባቸው ቀናት፣ ይሄ ሙሉ በሙሉ የኔ ጥፋት ነው፣ ቸኩዬ። ከዛ መነፅሯ፣ እሱን መድህኑ አይሸፍንም።

አክስቴ ሊሙ ኮሳ ናት፣ በ2003 ዓ.ም መድህኑ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ስለሆነ አሰራሩን ከኛ በላይ ታውቀዋለች፣ ደውዬ ስነግራት ያለ ሪፈር ለምን ትሄዳላችሁ ብላ ተቆጣችኝ፣ መድሃኒት ሲጠፋም ማዘዣው ላይ "የለም" አስብላችሁ ማህተም አስመቱና ደረሰኙን ይዛችሁ መድህን ቢሮ ጠይቁ አለችኝ።

ኤጀንቱን በራሪ ወረቀቱን ተወውና ሙሉ ውሉን አምጣልኝ አልኩት። ሳነበው ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ አይሸፈንም ይላል፣ ማለት የእማዬ ስኳርም ግፊትም ውጪ ነው፣ ትልቁ የደረሰኝ ክምር እንዳለ ይቀራል ማለት ነው! ውል የገቡት ሆስፒታሎችም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ ለአንድ ምርመራ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ እንዴት አድርጌ ነው የማንገላታት?

ስለዚህ ለሷ አልገባሁም። ለአረቦን ልከፍል የነበረውን ብር በሌላ የባንክ ደብተር በየወሩ አስቀምጣለሁ፣ መድሃኒት ሲጠፋ ከዛ ነው የምናወጣው። ለራሴ ግን ሃሳቡን አልተውኩትም፣ ምንም በሽታ የለብኝም፣ ድንገት ኦፕራሲዮን ቢመጣ ያስፈራኛል፣ ጅማ ውስጥ የሚሰራበት ሆስፒታል ካለ ስሙን በፅሁፍ አምጣልኝ ብዬው እየጠበቅኩ ነው።