የጠፍር አልጋው በቀል

የአክስቴ የጠፍር አልጋ አንድ እግሩ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠፍሩን ፈትቼ ልወስድ ስል «ምን ልታደርግበት ነው?» አለችኝ። «ለልጄ የገና ጥንግ ልሠራለት» ስላት ሳቀች። (ጥንግ በገና ጨዋታ በዱላ የምትመታው የጠፍር ኳስ ናት።) ያሳቃት ምን እንደሆነ የገባኝ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ ነው።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንፃችን ጀርባ ጤፉ የታጨደ ማሳ አለ። የግቢያችን ልጆች ከማሳው ማዶ ካሉት ልጆች ጋር ገና ሊገጥሙ ቀጠሮ ያዙ። የማዶዎቹ ኳስ፣ እሩር የሚባለው፣ ከወይራ ጉጥ የተጠረበ ነው። እኔ አባት ነኝና «እንጨት ጥርስ ያወልቃል፤ ቆዳ ይለሰልሳል» ብዬ ተነሣሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንቁላል የሚያክል ጨርቅ ትጠቀልላለህ። 8 ክንድ ያህል ጠፍር ውኃ ውስጥ ታሳድራለህ፤ ጠዋት ሲለመጥ ጨርቁ ላይ በየአቅጣጫው ትጠመጥመዋለህ፤ ጫፉን በወስፌ ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለህ። ብርቱካን ሲያክል ይበቃል። ከዚያ ጥላ ላይ ይደርቃል። የረሳሁት ነገር ቢኖር ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ነው። (ከበሮስ ቆዳው የሚወጠረው በምን ሆነና!) ለልጅ ሲሆን ጨርቁ በዛ፣ ጥምጥሙ ላላ ማለት ነበረበት። እኔ በጉልበቴ ተጭኜ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው ያጠበቅሁት። ቶሎ ይድረቅ ብዬም ከሰል ምድጃው አጠገብ አኖርኩት። በአምስተኛው ቀን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲወድቅ፣ የታች ቤት ጎረቤታችን ምን እንደተሰበረ ሊጠይቁ ወጡ።

ዱላውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ወይራ ስላጣሁ ባሕር ዛፍ ቆረጥኩ። ልኩ ልጁ ቆሞ እምብርቱ ላይ ሲደርስ ነው። ጫፉን ረመጥ ውስጥ ቀብረህ፣ ሲሞቅ አጥፈህ በገመድ ታስረዋለህ፤ ቢያንስ ሳምንት አትፈታውም። እኔ በሦስተኛው ቀን ፈታሁት። ሜዳ እስክንደርስ ቆልማማው ተከፍቶ፣ ዱላው የመጥረጊያ እንጨት መስሏል። ቆልማማው የተከፈተ ዱላ ደግሞ ጥንጓን መሬት ለመሬት አይነዳትም፤ ከሥሯ ገብቶ ያነሣታል።

የማዶዎቹ ልጆች ጥንጌን ተቀባብለው በጣታቸው ቆረቆሯት። አንደኛው «የኛው ይሻላል፣ ለስላሳ ነው» አለ። እኔ ግን በኔው ይጀመር ብዬ ድርቅ አልኩ። ለልጄ ጠዋት ምክር ሰጥቼዋለሁ፦ ብትመታ እንዳታለቅስ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

ገና ሲጫወቱ ሜዳው መስመር የለውም፤ የኛ ከአጥሩ እስከ ቦዩ ነበር። ስለዚህ ቆሞ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ከመቺዎቹ ጀርባ ሆኖ፣ ጨዋታው በዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል። ይህን ለሌሎቹ ወላጆች ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ልጄን ፊት ለፊት ልቅረጸው ብዬ ስልኬን ይዤ መሀል ገባሁ።

«አባዬ፣ ሚናህን ለይ!» ብሎ ጮኸ። አነጋገሩ አስደሰተኝና ድገመው ልለው አፌን ከፈትኩ።

ቪዲዮው አለ። ልጄ ዱላውን ያነሣል፤ ከዚያ ሰማይ ይታያል፣ ቀጥሎ ገለባ፣ ቀጥሎ የማን እንደሆነ ለማወቅ የሚያስቸግር ጩኸት ይሰማል። ቅልጥሜን ነው ያገኘችኝ፤ ሥጋ የሌለበት ቦታ ላይ። ከማዶዎቹ አንዱ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ ተቆጡ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ፣ ምን ያስቆጣኛል!» አልኩት፣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ።

ጨዋታው በወይራው እሩር ቀጠለ። ሌላ የተመታ ሰው የለም።

ማታ አክስቴ እንኳን አደረሳችሁ ልትል ደወለች። «ጥንጉ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ጠንከር ብሏል» አልኳት። ሳቋ ስልኩን ከዘጋሁም በኋላ የሚሰማኝ መሰለኝ። እግሬን በጨው ውኃ ልዘፈዝፍ ባልዲ ፍለጋ ሻወር ቤት እያነከስኩ ገባሁ። ባልዲው ባዶ አልነበረም። ልጄ የተረፈውን ጠፍር ውኃ ውስጥ ነክሮታል።