ጊዮርጊስን ስቶክሆልም አገኘነው

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ስቱርሽርካን ካቴድራልን አሳየኋት። ከውጭ ሲያዩት ያን ያህል አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጎኑ ካለው ቤተ መንግሥት ጋር እንዲመሳሰል ፊቱን ለስነው ቀይረውታል። ዕድሜው የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው፤ ቀያይ የሸክላ ጡብ ምሰሶዎች ቀጥ ብለው ይወጣሉ። በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው በፈረንጆቹ 1279 ነው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ ስትሄድ ድንገት ቆመች። «ውይ! ጊዮርጊስ!»

ከእንጨት የተቀረጸ ነው፤ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሰይፉን አንሥቷል። ከሥር ያለው ዘንዶ ግን ያስፈራል። ገላው ላይ የሾሉት ነገሮች የእውነት የአጋዘን ቀንድ ናቸው።

«ቢሩታዊትስ የት አለች?» አለችኝ። ለብቻዋ ሌላ መቆሚያ ላይ ተንበርክካለች። አጠገቧ በግ አለ። በጉ የእኛ ሥዕል ላይ ስለሌለ እናቴ በጥርጣሬ አየችው።

ሐውልቱን ያሠራው ስቴን ስቱሬ የሚባል የስዊድን ገዥ ነው። በ1471 ብሩንኬበርይ ላይ የዴንማርኩን ንጉሥ ድል አድርጎ ነበር። ሥራው በ1489 ተመረቀ። ይህን ስነግራት እናቴ ምንም አልገረማትም። «ታዲያስ! አድዋም የወረደው እሱ አይደል?» አለች። እኔ በበኩሌ ለጦርነት መታሰቢያ ቅዱስ መምረጥ የሁሉም አገር ገዥ ዘዴ ይመስለኛል። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

በ1535 ከተማው ላይ የታየውን የፀሐይ ቀለበት የሚያሳየውን ሥዕል ቶሎ አየት አድርገን አለፍን። ቡና አምሯት ነበር።