ኢሊዬ-ኮምብሬ፦ ሁለቱን መንገዶች በእግር

የፈረንሳዊውን ደራሲ የማርሴል ፕሩስትን «የጠፋውን ጊዜ ፍለጋ» የተባለ ልቦለድ ላነበበ ሰው፣ በልቦለዱ ኮምብሬ ለተባለችው ከተማ መነሻ የሆነችው ኢሊዬ-ኮምብሬ ከፓሪስ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የምትጎበኝ ናት። ከሞንፓርናስ ጣቢያ በባቡር ሻርትር ድረስ ሄጄ፣ እዚያ በትንሹ የክልል ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ይህ ባቡር አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመላለስ የመልሱን ሰዓት አስቀድሞ ማየት ግድ ነው፤ በተለይ እሑድ።

ከተማዋ ድሮ ኢሊዬ ብቻ ነበረች። ደራሲው በተወለደ በ100ኛው ዓመት፣ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በልቦለዱ የተሰጣትን ኮምብሬ የሚለውን ስም ደርባ ያዘች። የአባቱ እህት ኤሊዛቤትና ባሏ ዡል አሚዮ የኖሩበት ቤት አሁን ሙዚየም ነው። ጎብኚው ሁሉ ማድሌን ኬክ ይፈልጋል፤ በመጽሐፉ ግን ተራኪው ኬኩን በማየቱ ምንም ትዝ አላለውም። ሻይ ውስጥ ነክሮ ሲቀምሰው ነው የአክስቱ ክፍልና የእሑድ ጠዋቱ የመጣለት፤ ሁለተኛው ጉንጭ ምንም አልጨመረለትም፣ ሦስተኛው እንዲያውም አነሰበት።

በእኔ ግምት የመጽሐፉ ልብ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ላይ ነው። በመጽሐፉ የተራኪው ቤተሰብ ለሽርሽር ሲወጣ፣ ሰማዩ ካጠራጠረ በትልቁ በር ወጥቶ አጭሩን የሜዜግሊዝን መንገድ ይይዛል፤ ቀኑ ብራ ከሆነ በጓሮ በር ወጥቶ ረጅሙን የገርማንትን። ለልጁ ሁለቱ መንገዶች ፈጽሞ የማይገናኙ ዓለሞች ነበሩ።

መጀመሪያ አሚዮ ወደ ተከለው ፕሬ ካትላን የአትክልት ስፍራ ሄድኩ። ሽቅብ የሚወጣው ጠባብ መንገድ ፈረንሳዮች ኦቤፒን በሚሉት እሾሃማ ቁጥቋጦ ታጥሯል። ተራኪው በልጅነቱ የሚወዳትን ዢልቤርትን መጀመሪያ ያያት እንዲህ ባለ አጥር በኩል ነው። አበባው የሚፈካው በግንቦት ነው፤ ነሐሴ ላይ የመጣ ቅጠልና እሾህ ብቻ ያገኛል።

ከዚያ የሉዋር ወንዝ (Loir፤ ትልቁ Loire አይደለም) ወደሚመነጭባት ሴንት ኤማን ሄድኩ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሉዋር በልቦለዱ ቪቮን ይባላል። ልጁ ምንጩን እንደ ሲኦል መግቢያ ከዚህ ዓለም ውጭ አድርጎ ያስበው ነበር፤ ካደገ በኋላ ሲያየው ግን አረፋ የሚወጣበት አራት ማዕዘን የልብስ ማጠቢያ ሆነበት። በዚያው ሰሞን ዢልቤርት በሜዜግሊዝ በኩልም ገርማንት መድረስ እንደሚቻል ትነግረዋለች፤ በልጅነታቸው ትወደው እንደነበርም። ይህን ክፍል ከጉዞው በፊት ማንበብ ይበጃል፤ እንደ እትሙ በስድስተኛው ቅጽ መጨረሻ ወይም በሰባተኛው መጀመሪያ ላይ ይገኛል።