«ነገ ወላጅህን ይዘህ ና»

ተማሪ እያለሁ «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና» ከተባልኩ የዚያን ማታ እራት አይወርድልኝም ነበር። አንዴማ ጨንቆኝ የሰፈራችንን ሊስትሮ «አጎቴ ነው» ብዬ ይዤው ሄጃለሁ። በ5 ብር። ዳይሬክተሩ ሁሌ ጫማቸውን የሚያስጠርጉት እሱ ጋ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

አሁን የ5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያው ቃል ከእኔም አፍ ይወጣል። ወላጅ የምንጠራው ልጁ ሲደባደብ፣ መስኮት ሲሰብር፣ ወይ ደግሞ የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ተጠርቶ መዋጮ ሲፈለግ ነው። ከዚያ መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን «ወላጆች ግድ የላቸውም» እንላለን። እኔም ብያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት በቀን ሁለት ወላጅ ጋ መደወል ጀመርኩ፣ ጥሩ ነገር ብቻ ልነግራቸው። የመጀመሪያዋ እናት ገና «የልጅዎ አስተማሪ ነኝ» ስላቸው «ውይ! ደግሞ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ምንም አላጠፋም፣ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሌሎቹን ያቃታቸውን ክፍልፋይ ደመረ፣ እሱን ልንገርዎ ብዬ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። ከኋላ የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

«ለዚህ ብቻ ነው የደወሉት?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርኩም መምህር። በምን ላግዘው?»

ጉሊት ነው የሚሠሩት። ደብተሩን ተዉት፣ ማታ የሸጡትን ሲቆጥሩ እሱ ይደምር አልኳቸው። ግማሽ ኪሎ ቲማቲምና ሩብ ኪሎ ቃሪያ ስንት እንደሚመጣ እሱ ይንገርዎ፣ ሲሳሳት እርስዎ ያርሙት። በቃል ማስላት ላይ እንደሆነ እኔንም ያስከነዳሉ።

ባልደረቦቼ የቴሌግራም ግሩፕ እንክፈት ይላሉ። ይከፈት። ግን ብዙው ወላጅ የያዘው በተን ስልክ ነው፣ ቴሌግራም ያለውም ቢሆን ከረጅም ጽሑፍ ይልቅ የ1 ደቂቃ ቮይስ ይሰማል። ስልኩም ከ12 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ቀን ሰው ሥራ ላይ ነው። (የካርድ ወጪው ከኪሴ ነው፣ የሚመለከተው አካል ካነበበው…)

የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ሲሰጥ እኚያ እናት ሳይጠሩ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ሒሳብ ስንት አመጣ?» አሉኝ። 71 አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔ ጋ ሲሠራ አንዲት ሳንቲም አይሳሳትም። ፈተናውን አጥብቀውበት ነው እንጂ!»