የሻርክ ጥርስ ሲወጣ

ባሕሬን ውስጥ በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ይሄ የደረሰብኝ ገና በሁለተኛው ወር ነው።

ሥራው ለእኔ አዲስ አልነበረም። አቃቂ አካባቢ ሪግ (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን) ላይ ቆይቻለሁ። እዚያ የምንበሳው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃው አነሰ ከተባለ ሮድ፣ ማለትም የመቆፈሪያ ዘንግ፣ ይጨመራል። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ከታች ሌላ ውሃ ይገኛል። እናም "ጠልቆ መግባት ነው" የሚል እምነት በደሜ ገብቶ ነበር።

ቦታው በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ በኩል ያለ የተምር እርሻ ነው። አሮጌው ጉድጓድ ደክሟል፣ ከጎኑ አዲስ እንቆፍራለን። የእርሻው ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም "ሐጂ" ነው የምንላቸው። ዋናው ድሪለር ሕንዳዊ ነበር፣ በዚያ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆፈረ። እሱን "ኡስታዝ" እንለዋለን። በየሜትሩ ከጉድጓዱ የሚወጣውን የድንጋይ ድቃቂ በወንፊት ያጥብና ጆንያ ላይ በተራ ይደረድረዋል። ለእኔ ጊዜ ማባከን መስሎ ታየኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለስኳር ሕመሙ የሐኪም ቀጠሮ ነበረውና ሪጉን ለእኔ ትቶ ሄደ። መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ በመስኮት ብቅ ብሎ በዚያ በተሰባበረ አረብኛችን "ጥርስ ካየህ አቁም" አለኝ። እሺ አልኩ።

እኔ የገባኝ የቢቱ ጥርስ ነው። የመቆፈሪያው ጥርስ ካለቀ አቁም ያለኝ መሰለኝ። ቢቱን አውጥቼ አየሁት፣ ደህና ነው። መልሼ አስገባሁት።

ትንሽ እንደሄድን ጠንካራው ቢጫማ ድንጋይ አለቀና ግራጫ፣ ጭቃ የመሰለ ለስላሳ ነገር መውጣት ጀመረ። ቢቱ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ወረደ። ደስ አለኝ። እስከዚያ ያገኘነው ውሃ ደግሞ ብዙም አልነበረም። ሦስት ሮድ ጨመርኩ፣ ወደ 18 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከጭቃው በታች እንደገና ጠንካራ ድንጋይ መጣ፤ ከዚያ በኮምፕረሰር አየር ስንነፋበት ውሃው ገንፍሎ ወጣ። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ።

ሐጂ ቀስ ብለው መጡ። በመዳፋቸው ቀድተው አፋቸው ውስጥ አንከባለሉትና ተፉት። ምንም አልተናገሩም። ዞር ብለው ወደ ተምሮቹ አዩ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የጨው መለኪያውን ነከርኩት። የአሮጌው ጉድጓድ ውሃ 4,300 ማይክሮ ሲመንስ ነበር። የእኔው 10,800 አለ። ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል። ለተምር እንኳን ይከብዳል፤ ከሥሩ ለተዘራው አልፋልፋ (የከብት መኖ) ደግሞ መርዝ ነው።

ጠዋት ኡስታዝ ሲመጣ እኔን አላየኝም። በቀጥታ ወደ ጆንያው ሄደና ረዳቱ የደረደረውን ግራጫ ክምር በጣቱ ፈለፈለ። ከዚያ አንድ ነገር አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከገብስ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ ሹል። የሻርክ ጥርስ ነው።

እዚያው መሬት ላይ በእንጨት እየሣለ አስረዳኝ። ባሕሬን ከሥሯ በንብርብር የተቀመጠ የኖራ ድንጋይ ነች። ድንጋዩ የባሕር ወለል በነበረበት ዘመን፣ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የተከማቸ ነው። በኋላ መሐሉ ወደ ላይ አበጠ፤ ከፍተኛው ቦታ ጀበል ዱኻን 134 ሜትር ላይ ነው። እርሻዎቹ የሚጠጡት ኾባር ከሚባለው ንብርብር ነው። ከኾባር በታች አንድ ቀጭን የሼል፣ ማለትም ከጭቃ የተሠራ ለስላሳ ድንጋይ፣ ንብርብር አለ። ውስጡ የጥንት ሻርኮች ጥርስ ስላለበት ጂኦሎጂስቶቹ ራሳቸው ስሙን "የሻርክ ጥርስ ሼል" ብለውታል። ያ ጭቃ የሚጠጣው ውሃ ወለል ነው። ከሱ በታች ሩስ እና ኡም ኤር ራዱማ የሚባሉት አሉ። እዚያ ያለው ውሃ ብዙ ነው፤ ግን በሊትር ከ7 እስከ 15 ግራም ጨው ይዟል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ራስ አቡ ጀርጁር የሚባል ቦታ ላይ ያንን ውሃ በፋብሪካ እያጣራ ነው ለከተማ የሚጠቀምበት።

እኔ ወለሉን ቀደድኩት። ያውም በክፉ ሰዓት። የላይኛው ውሃ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሚሞላው በላይ በፓምፕ ተስቧልና ግፊቱ ወርዷል። የታችኛው ውሃ ቀዳዳ ካገኘ ራሱ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ያበላሸሁት የሐጂን ጉድጓድ ብቻ አልነበረም፤ ዝም ብለን ትተነው ብንሄድ የጎረቤቶቻቸውንም ውሃ ነበር የማበላሸው። ይሄንን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ኃላፊዎቹ ጉዳዩ ሳይወራ ቶሎ ፓምፕ ገጥመን እንድንሄድ ፈልገው ነበር። ኡስታዝ እምቢ አለ። ሲሚንቶ አስመጥቶ የጉድጓዱን ታች ከሼሉ በላይ እስኪደርስ ድረስ ደፈንነው። እስኪደርቅ ስንጠብቅ ሐጂ በየማታው ቡና በሄል ይዘውልን ይመጡ ነበር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ማታ ስለ ልጅነታቸው አወሩን። በአባታቸው ዘመን ዕንቁ አውጪዎች ባሕር መሐል ሆነው ውሃ ሲጠማቸው ወደ ከተማ አይመለሱም። አቁማዳ ይዘው ይጠልቃሉ። ከባሕሩ ወለል ጣፋጭ ውሃ ይፈልቃል፤ አቁማዳውን ምንጩ አፍ ላይ ደግነው ሞልተው ይወጣሉ። ጨው ባሕር ውስጥ! የአገሩ ስም "ሁለት ባሕር" ማለት ነው፤ ሐጂ አንዱ ከላይ ያለው ጨው፣ ሌላው ከታች ያለው ጣፋጭ ነው ይላሉ። አዳሪ ስለሚባለው ምንጭም ነገሩን። "እንደ አዳሪ፣ የሩቁን ታጠጣለች፣ የቅርቡን ትተዋለች" የሚል የቆየ ተረት አላቸው። ያ ሁሉ ምንጭ ደርቋል። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 80 ሚሊ ሜትር እንኳን ከሞላ ጥሩ ነው። ኾባር ውስጥ ያለው ውሃ ሳዑዲ በረሃ ላይ ከሺዎች ዓመታት በፊት የዘነበ፣ ከባሕሩ ሥር ተጉዞ የመጣ ነው። እኔ በአንድ ከሰዓት ልጫወትበት የነበረው እሱን ነው።

ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ለሁለት ቀን ፓምፕ አደረግን። መለኪያው መጀመሪያ 7,000 አለ፣ ከዚያ ወረደ፣ በመጨረሻ 4,600 ላይ ቆመ። ሐጂ ቀመሱት። ዋጡት።

የሚቀጥለው ሥራ ከዚያ ብዙም የማይርቅ እርሻ ላይ ነበር። ወንፊቱን ለማንም አልሰጠሁም። ኡስታዝ መኪናው ውስጥ ወንበሩን ለጥጦ ተኝቷል። ቢጫው ድንጋይ አልቆ ግራጫው እንደ ጀመረ አንድ እፍኝ አጥቤ በጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ግማሹ የተሰበረ ጥርስ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁ።

ዝምታው ቀሰቀሰው። ዓይኑን እያሸ መጣ፣ መዳፌን አየ፣ ተመልሶ ተኛ።